ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በልጧል፤ ባንኩን እንዴት ላናግረው?

ጠያቂ፦ የማርቆስ አሻሻጭ

እንደምን ሰነበታችሁ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤት ማሻሻጥ ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ገዢና ሻጭ ማስማማት አያስቸግረኝም። ሁለቱን ሻይ ቤት አስቀምጬ አንዱን ሃምሳ ሺህ ከፍ፣ ሌላውን ሃምሳ ሺህ ዝቅ አደርጋለሁ። ቀብድ አስቆጥሬ እነሣለሁ። አሁን የገባሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ሻጩን አውቀዋለሁ። ልጆቹ ከልጆቼ ጋር ይማራሉ። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ቤት አለው። ከፊት ሁለት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ። ካርታውን ባንክ አስይዞ ተበደረና እህል ንግድ ገባ። ጤፍ ከቢቸና እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ ይጭን ነበር። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ግን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። የጫነው መኪና ደጀን ላይ አምስት ቀን፣ አሥር ቀን ይቆማል። ደንበኞቹ ሌላ ቦታ ሄዱ። ንግዱ ቆመ፤ ወለዱ ግን እየቆጠረ ነው።

ዛሬ ዕዳው 4,820,000 ብር ደርሷል። ቤቱን ለሦስት ሰው አሳየሁት። ሁለቱ ከ3,900,000 አላለፉም። ሦስተኛው 4,100,000 እከፍላለሁ ብሏል። ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ገንዘቡም በእጁ ነው። ሙሉውን ባንክ ቢወስደው እንኳ 720,000 ብር ይጎድላል። ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል። ከዚያ ውስጥ 11 ቀን አልፏል።

ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። "አንተ የተበዳሪው ምኑ ነህ?" አሉኝ። አሻሻጭ ነኝ አልኩ። "ደላላ አናነጋግርም" ተብዬ ተመለስኩ። አልተቀየምኩም። ግን ይህን ሰው በሐራጅ ቤቱን ሲያጣ ቆሜ ማየት አልችልም።

ውጭ አገር ባንኩ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ ቤቱ እንዲሸጥ የሚፈቅድበት "ሾርት ሴል" የሚባል ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ አገር ይቻላል? ለዚህ ዓይነት ድርድር አሻሻጭ ምን ማወቅ አለበት? ከገዢና ከሻጭ ጋር የለመድኩት አነጋገር እዚህ እንደማይሠራ ገብቶኛል። በሞቴ፣ ያለፋችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የቀድሞ የብድር ክትትል ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ እግዜር ያበርታህ። እኔ 22 ዓመት ባንክ ቤት ሠርቼ ነው የወጣሁት። አብዛኛው ብድር ክትትል ላይ ነው። ከጠረጴዛው ወዲያ ምን እንደሚታሰብ ልንገርህ።

በመጀመሪያ በር ላይ የተመለስከው ደላላ ስለሆንክ ብቻ አይደለም። የደንበኛን ሂሳብ ለሦስተኛ ወገን መናገር ለሠራተኛው ያስጠይቃል። ስለዚህ ሻጩን ይዘህ ሂድ። ካልቻለ "ስለ ብድሬ ከእሱ ጋር እንድትነጋገሩ ፈቅጃለሁ" የሚል የፈረመበት ደብዳቤ ይስጥህ። ውክልና ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ብዙ አሻሻጭ ይህን አንድ ወረቀት ሳይዝ ሄዶ ሥራው እዚያው በር ላይ ይሞትበታል።

ሁለተኛ፣ 4,820,000 ብለህ በጅምላ አትደራደር። ሻጩ የሂሳብ መግለጫ ይጠይቅ። ዋናው ገንዘብ ስንት ነው? መደበኛው ወለድ ስንት ነው? የቅጣት ወለዱስ? ሦስቱን ለይ። ባንክ ዋናውን ገንዘብ መቀነስ ይከብደዋል። በእኔ ዘመን ዋና ገንዘብ ሲቀነስ ያየሁበትን ጊዜ በጣት እቆጥረዋለሁ። የቅጣት ወለድ ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ድርድርህ እዚያ ላይ ይሁን። ለቀረው ደግሞ ጊዜ ጠይቅ። ስለዚህ ፈረንጆቹ የሚሉትን ሽያጭ እኛ ጋ በስሙ ባታገኘውም፣ ባንኩ ፈቅዶ፣ ሻጩ ራሱ ሸጦ፣ ጉድለቱ በስምምነት የሚያዝበት መንገድ አለ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ እሺ ቢልህ እንኳ አይወስንም። ፋይሉ ወደ ዲስትሪክት ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊሄድ ይችላል። የሚወስነው ኮሚቴ አንተንም ሻጩንም አያይም። የሚያየው ወረቀት ነው። እዚያ የሚፈርም ሰው አንድ ፍርሃት አለው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር መጥቶ "5 ሚሊዮን ተገምቶ የተያዘውን ቤት በ4.1 ሚሊዮን ለምን ለቀቅክ?" እንዳይለው ይፈራል። እኔም ስፈርም ይህ ነበር የሚያስጨንቀኝ። አንተ ለዚያ ሰው ለኦዲተሩ የሚያሳየውን መልስ አዘጋጅለት። እዚህ ላይ ነው የአሻሻጭ ችሎታ የሚለየው።

ምን ታዘጋጃለህ? በዚያው ሰፈር በቅርቡ የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ፣ ከተቻለ ከውላቸው ኮፒ ጋር። ቤቱን ያሳየሃቸውን ሰዎችና የሰጡትን ዋጋ በቀን በቀኑ። ሁለቱ 3,900,000 ማለታቸው ላንተ ድካም ነው፤ ለኮሚቴው ግን ትልቅ ማስረጃ ነው። የባንኩ መሐንዲስ ለግምት ሲመጣ ከቤቱ እንዳትጠፋ። የጣሪያውን ማፍሰስ፣ የግድግዳውን መሰንጠቅ አሳየው። የሰፈሩን ዋጋ ወረቀት በእጁ ስጠው። የሌለ ጉድለት ግን አትንገረው። አንድ ጊዜ ከዋሸህ ፋይሉ ተበላሸ።

ከዚያ የሐራጁን ሂሳብ ለባንኩ ሰዎች አስላላቸው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ግን የጋዜጣ ማስታወቂያ ወጪ አለ። ተጫራች የመነሻ ዋጋውን ሩብ ያህል በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ክፍያውን ባረጋገጠው ቼክ፣ ማስያዝ ይጠየቃል። ማርቆስ ውስጥ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል አስይዞ የሚቀርብ ስንት ሰው አለ? ጨረታው ተጫራች አጥቶ ሊደገም ይችላል። ቤተሰቡ አልወጣም ካለ ሌላ ጣጣ ነው። ብድር ከ90 ቀን በላይ ሳይከፈል ሲቆይ ደግሞ ባንኩ ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ መያዝ ይኖርበታል፤ በቆየ ቁጥር መጠባበቂያው ይጨምራል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፈው። "በሐራጅ ይህን ያህል፣ በዚህ ጊዜ። በእኛ በኩል 4,100,000፣ በዚህ ሳምንት" በል።

የገዢውን ቁርጠኝነት በአፍ አትንገራቸው። ገዢው በባንኩ ስም ሲፒኦ ያሠራ። ለባንኩ ግን ዝም ብሎ አይስጥ። መጀመሪያ ባንኩ "ይህ ገንዘብ ሲገባ መያዣውን እናነሣለን፣ ካርታውን እንለቃለን" የሚል ደብዳቤ ይጻፍ። ገዢ ካርታው ነፃ ካልሆነ አልከፍልም ይላል፣ ባንክ ካልተከፈለኝ ካርታውን አልለቅም ይላል። ብዙ ሽያጭ እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። መሃል ገብተህ ቅደም ተከተሉን የምታስተካክለው አንተ ነህ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። "ትልቅ ሰው አስደውላለሁ" እንዳትል። እኔ ጋ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ፋይሉን ይበልጥ ነበር የምጠነቀቅበት።

ጠያቂ፦ የማርቆስ አሻሻጭ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። መግለጫውን ዛሬ አስወጣን። ዋናው ገንዘብ 3,950,000፣ ወለዱ 520,000፣ የቅጣት ወለዱ 350,000 ነው። ለካ የገዢዬ ብር ከዋናው ገንዘብ ይበልጣል! እኔ ግን 720,000 ጎደለ እያልኩ ስጨነቅ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልጠይቅ። የሻጩ አማት "በሌላ ሰው ስም እኔ በ3,800,000 ልግዛውና ልጄ ከቤቷ አትውጣ" ብለዋል። ያሳዝናሉ። ይህ ያስኬዳል?

መልስ፦ የቢቸና ልጅ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። አሁን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ በቤት ሽያጭ ወኪልነት እሠራለሁ። የጠየቅከው ሾርት ሴል እዚህ ከ2008ቱ የቤት ዋጋ ውድቀት በኋላ በጣም በዝቶ ነበር። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በአማትየው ልጀምር። እዚህ ገዢና ሻጭ ዝምድናም ሆነ የተደበቀ ስምምነት እንደሌላቸው በመሐላ ይፈርማሉ። ወኪሎቹም አብረው ይፈርማሉ። ባንኩ ኪሳራ የሚቀበለው ቤቱ በእውነተኛው የገበያ ዋጋ መሸጡን አምኖ ነው። በሌላ ሰው ስም መግዛት እዚህ ማጭበርበር ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ዘመድ እንዳይገዛ የሚከለክል ነገር ባይኖር እንኳ መደበቁ ይጎዳችኋል። አማትየው ከፈለጉ በራሳቸው ስም፣ በግልጽ፣ ከሌላው ገዢ በላይ ከፍለው ይግዙ። የአንተ ስም በዚህ ነገር እንዳይነካ፣ ወንድሜ።

አሁን ስለ ሥራው። እዚህ ከሻጩ ጋር የምጀምረው ደብዳቤ በመጻፍ ነው። ለምን መክፈል እንዳቃተው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ አሁን ምን ገቢ እንዳለው። የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ሂሳብ፣ የግብር ወረቀት ይያያዛል። አንድ ገጽ ከጎደለ ፋይሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዴ አንድ ፊርማ ጎድሎ ሦስት ሳምንት ጠፍቶብኛል። ጊዜው ደግሞ በሕግ የተለካ ነው። ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ አበዳሪው በአብዛኛው ተበዳሪው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ የመውረስ ሂደት አይጀምርም። የተሟላ ማመልከቻ ከሐራጁ ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ፣ መልስ ሳይሰጥ ወደ ሽያጭ አይሄድም። ስለዚህ "የተሟላ" የምትለው ቃል ለእኛ ቤት ማዳኛ ናት።

ሁለተኛ አበዳሪ ካለ ችግሩ ይብሳል። የመጀመሪያው ባንክ ሁሉንም ለማለት ይቻላል ይወስዳል፤ ለሁለተኛው ትንሽ ነው የሚተርፈው። ግን ሁለተኛውም ካልፈረመ ሽያጩ የለም። ስለዚህ ለእሱም ትንሽ ድርሻ ለምነን እናስቀምጣለን። ያንተ ሻጭ ሌላ የተበደረበት ቦታ፣ የፍርድ ቤት ዕግድ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ እንዳለ ዛሬውኑ አጣራ። መጨረሻ ላይ ከወጣ ሁሉም ልፋት ይፈርሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ቀሪውን ዕዳ ተመልከት። ካሊፎርኒያ በ2011 ባወጣችው ሕግ ባንኩ ለመኖሪያ ቤት ሾርት ሴልን ከፈቀደ በኋላ ጉድለቱን ከሻጩ መጠየቅ አይችልም። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ጥበቃ የላትም። እዚህ የማጽደቂያው ደብዳቤ ላይ "ቀሪው ዕዳ ተሰርዟል" ካላለ ባንኩ በኋላ ሊከስ ይችላል። "መያዣው ተነሥቷል" እና "ዕዳው ተሰርዟል" የተለያዩ ናቸው። አዲስ ወኪል ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያው ነበር ያነበብኩት፤ አንድ ታላቅ ወኪል ነው ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ ያሳየኝ። የተሰረዘው ዕዳ ደግሞ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊያስጠይቅ ስለሚችል ሻጩን ወደ ግብር ባለሙያ እንልካለን።

ኮሚሽናችንን ከሽያጩ ገንዘብ የምናገኘው ባንኩ ሲፈቅድ ነው። አንዳንዴ ይቀንሰዋል። ወራት ለፍተህ ባንኩ እምቢ ካለ ምንም የለም። ይህን ቀድመህ አስብበት።

መልስ፦ የቡሬዋ እናት

እንደምን ዋላችሁ። እኔ አሻሻጭ አይደለሁም። የመጨረሻው መልስ ላይ ያለውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። በእኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ባሌ ቡሬ በርበሬ ይነግድ ነበር። ቤታችንን አስይዞ ተበደረ፤ ከሰረ። አሻሻጭ አመጣን። ባንኩ እሺ አለ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ ካርታው ለገዢው ተሰጠ። ወደ ኪራይ ቤት ስንገባ አለቀስኩ። ግን "ቢያንስ ከዕዳ ወጣን" ብለን ቡና አፍልተን ጎረቤት ጠራን። አሻሻጩ ኮሚሽኑን ወስዶ ሄደ። ክፉ ሰው አልነበረም። አልጠየቀም እንጂ።

ከ14 ወር በኋላ ለባሌ ወንድም የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። ለካ ዋስ እሱ ነበር። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የቀረ 410,000 ብር አለ፣ ወለዱም ሲጨምር ቆይቷል። ገበሬ ነው። ሁለት በሬ ሸጠ። ባሌን ሁለት ዓመት አላናገረውም። በእናታቸው ተዝካር ቀን እንኳ ሁለቱ በየጥጋቸው ተቀምጠው ዋሉ። በሽማግሌ ነው የታረቁት። ዕዳውን አሁንም እየከፈልን ነው።

ወንድሜ፣ ሻጩን ዛሬ "ዋስህ ማነው?" ብለህ ጠይቀው። ዋሱንም ቤቱ ድረስ ሄደህ አስጠርተህ ንገረው። ሚስቱንም አስቀምጠህ አስረዳት። እኔ ምን እንደፈረምኩ አላውቅም ነበር። "እዚህ ላይ ፈርሚ" ነው የተባልኩት።

መልስ፦ የቀድሞ የብድር ክትትል ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም

እቴ፣ አይዞሽ። ትክክል ነሽ። በእኛም አገር ቤቱ መሸጡ ዕዳውን አይዘጋውም። ካልሞላ ቀሪው በተበዳሪውና በዋሱ ላይ ይቀራል። ይህን ለሻጩ ከሽያጩ በፊት መንገር የባንኩም ሥራ ነበር። በእኛ ጊዜም አንዳንዴ አልተናገርንም። ያሳዝነኛል።

ጠያቂው፣ ደብዳቤው ሦስት ነገር በግልጽ ይበል። የቅጣት ወለዱ መነሣቱን፣ የቀረው ስንት ብር እንደሆነና እንዴት እንደሚከፈል፣ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ። በቃል የተባለው አይቆጠርም። ሥራ አስኪያጁ ቢዛወር አዲሱ የሚያነበው ፋይሉን ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ የማርቆስ አሻሻጭ

ከስድስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ኔትወርክ ስላልነበረ ነው የዘገየሁት።

መጀመሪያ የቡሬዋን እናት ላመስግን። ጽሑፍሽን ለሻጩና ለሚስቱ አነበብኩላቸው። ዋሱ የሻጩ አጎት ናቸው፤ አምበር አካባቢ የሚኖሩ ሽማግሌ። እሳቸው ጋ ሄድን። "ፈርሜ ነበር እንዴ?" አሉ። ረስተውታል። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "ነገሩን ቀድማችሁ መምጣታችሁ ደግ አደረጋችሁ" አሉን።

አማትየውን ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው። ተቆጡ፣ ግን ሰሙኝ። በራሳቸው ስም ከገዢው በላይ መክፈል አይችሉም።

ከዚያ ሻጩንና የፈረመበትን ደብዳቤ ይዤ ቅርንጫፉ ሄድኩ። ያኔ "ደላላ አናነጋግርም" ያለችኝ ልጅ ነበረች። ወንበር ሰጠችን። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ "ሙሉውን ካላመጣችሁ" አለ። አልተከራከርኩም። አንዱን ገጽ አቀረብኩ። አምስት የሰፈሩ ሽያጮች፣ ከነቀናቸው። የሦስቱ ሰዎች ዋጋ። የሐራጁ ሂሳብ። ሁለት ጊዜ አነበበው። "ይህን ማን ሠራልህ?" አለ። "ባንክ ቤት የሠሩ አንድ ጋሼ አስተምረውኝ ነው" አልኩ። ከዚያ በኋላ አነጋገሩ ተለወጠ።

ገዢውንም እንደገና አነጋገርኩት። የስም ማዛወሪያውን ወጪ፣ 2 በመቶውን የቴምብር ቀረጥ ጨምሮ አብረን አሰላን። አስቦበት አልነበረም፤ በመጨረሻው ቀን ከሰማው ይሸሻል ብዬ ነው ቀድሜ የነገርኩት። "ከሻጩ ኮሚሽን አልወስድም፣ ከአንተም ግማሹን ብቻ ነው የምወስደው፤ አንተ ደግሞ ዋጋውን ከፍ አድርግ" አልኩት። 4,200,000 ገባ።

አሁን የቆምንበት ይህ ነው። የቅጣት ወለዱ 350,000 እንዲነሣ ቅርንጫፉ ደግፎ ወደ ዲስትሪክት ልኳል። ከተነሣ ዕዳው 4,470,000 ይሆናል። ገዢው 4,200,000 ይከፍላል። የሚቀረው 270,000 በ36 ወር እንዲከፈል ጠይቀናል። ሻጩ የቀረችውን ባጃጅ እየሠራባት ይከፍላል። ባንኩ ዋሱ እንዲቀጥሉ ፈልጓል። እኛ ደግሞ "ለ270,000 ብርና ለወለዱ ብቻ" የሚል ቃል ካልገባ አጎቱ አይፈርሙም ብለናል። ረቂቁ ላይ መጀመሪያ "ለማናቸውም ቀሪ ዕዳ" ይል ነበር። ያችን ሐረግ ለማስወጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

ከማስጠንቀቂያው 13 ቀን ቀርቷል። ዲስትሪክቱ ገና አልመለሰም። ሰኞ ጠዋት ገዢው ሲፒኦውን ያሠራል፣ እኔ ይዤው እቆያለሁ፤ ደብዳቤው በእጃችን ሳይገባ አልሰጥም። ቢቸና ልጅ፣ የሊዙን ክፍያም አጣራሁ፤ የአንድ ዓመት ውዝፍ ተገኘ፣ 6,200 ብር። ትናንት ከፈልነው። ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ ነው።

መልሱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።